ቁልፉ ሲጠፋ መጥረቢያ አናንሣ

ሞተር ሳይክል ዛሬ በገጠርም ብርቅ አይደለም። የግብርና ባለሙያው በሞተር ይመጣል። የከብት ሐኪሙ በሞተር ይመጣል። ከልጆቻችንም ሞተር ገዝተው ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱ አሉ። ከኮርቻው በስተኋላ ብዙ ጊዜ አንድ ሣጥን ይታሠራል። ሣጥኑም ይቆለፋል። የሚቆለፍ ነገር ደግሞ አንድ ቀን ቁልፉ መጥፋቱ አይቀርም።

ያን ቀን ምን እናደርጋለን? እኛ በሠፈራችን ከደረሰው ተምረናል። የደረሰውንና የተማርነውን እንንገራችሁ።

የክትባቱ ቀን

ነገሩ የሆነው በ2010 ዓ.ም. በመስከረም ወር ማለቂያ ላይ ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር። መንገዱ ጭቃ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት በጎረቤት ጎጥ ሁለት በሬዎች በአባ ሰንጋ ሞተዋል።

አባ ሰንጋ ክፉ በሽታ ነው። ጠዋት ደህና የነበረ በሬ ማታ ወድቆ ይገኛል። የሞተውን ከብት የገፈፈ ወይም ሥጋውን የበላ ሰውም ይታመማል፤ ሊሞትም ይችላል። በሽታው ከያዘ በኋላ ጊዜ አይሰጥም። ዋናው መፍትሔ ከብቱ ሳይታመም ማስከተብ ነው።

ስለዚህ በዚያን ቀን ሁላችንም ማልደን ተነሣን። ከብቶቻችንን እየነዳን ከዋርካው ሥር ተሰበሰብን። ሐኪሙን መጠበቅ ጀመርን።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። እሱም ሞተሩም ጭቃ ለብሰዋል። ከኮርቻው ኋላ ከላሜራ የተሠራ ሣጥን ታሥሯል። በሣጥኑ ውስጥ አይስ ቦክስ አለ። በአይስ ቦክሱ ውስጥ በረዶና የክትባት ጠርሙሶች አሉ።

ሐኪሙ ሰላምታ ሰጠንና እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። ባዶውን አወጣው። ወደ ሌላው ኪስ ከተተ። አሁንም ባዶ። ጃኬቱን አውልቆ አራገፈ። የጃኬቱ ኪስ ተቀዷል።

«ምነው ልጄ?» አሉ አንድ አዛውንት።

«የሣጥኑ ቁልፍ የለም፣ አባባ።»

«ያውና፣ ሞተሩ ላይ ተሰክቶ የለም እንዴ?»

«እሱ የሞተሩ ማስነሻ ነው። የሣጥኑ ሌላ ነው።»

«ትርፍ ቁልፍስ የለውም?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «አለው። ግን ሁለቱንም በአንድ ክር አስሬ ነበር የያዝኳቸው።»

ዝም ተባባልን። ዋናው ቁልፍ ሲወድቅ ትርፉም አብሮ ወድቋል። ትርፍ ቁልፍ ኖሮ እንደሌለ ሆነ ማለት ነው።

«ቁልፍ አገኘሁ!»

ልጆቹን በመጣበት መንገድ ላይ እንዲፈልጉ ላክናቸው። ሐኪሙ ወንዙ ዳር ወርዶ ጫማውን አውልቆ ነበርና እዚያ በደንብ እንዲያዩ ነገርናቸው። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ልጅ እየሮጠ መጣ።

«ቁልፍ አገኘሁ! ቁልፍ አገኘሁ!»

ሁላችንም ዘወር አልን። ልጁ እጁን ዘረጋ። በመዳፉ ላይ ያለው የሸሚዝ ቁልፍ ነው። በዚያ ጭንቀት መካከል እንኳ ሳቅን። ልጁ ግን አልተሳሳተም። ቁልፍ ፈልግ ተባለ፤ ቁልፍ አገኘ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ፀሐይዋ እየከረረች ነው። የላሜራው ሣጥን ደግሞ በፀሐይ እንደ ምጣድ ይግላል። ሐኪሙ እንደነገረን ክትባቱ መቀመጥ ያለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ነው። በረዶው ከቀለጠና ክትባቱ ከሞቀ ኃይሉን ያጣል። ኃይሉን ባጣ ክትባት የተወጋ ከብት እንዳልተከተበ ይቆጠራል። ባለቤቱ ግን ተከትቧል ብሎ ይዘናጋል። ይህ ሳይከተቡ ከመቅረት የባሰ ነው።

በዚህ ጊዜ አንድ ጎልማሳ ገበሬ መጥረቢያውን ይዞ ወደ ሣጥኑ ተጠጋ። ሰውየው ያለው ሁለት በሬ ብቻ ነው።

«ዞር በሉ! በአንድ ምት ነው የምከፍተው» አለ።

«ኧረ ተው! የመንግሥት ንብረት ነው» ተባለ።

«በሬዬ ቢሞት ሣጥኑ ያርስልኛል?»

እውነቱን ነው። መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። ሐኪሙ ግን በመጥረቢያውና በሣጥኑ መካከል ቆመ።

«ጋሼ፣ እኔም የጨነቀኝ ለሣጥኑ አይደለም። ውስጡ ያለው ጠርሙስ ነው። መጥረቢያው ላሜራውን ሲመታው ጠርሙሶቹ ይሰበራሉ። ያን ጊዜ ሣጥኑም ይከፈታል፤ ክትባቱም ይፈስሳል።»

ሰውየው መጥረቢያውን ወደ መሬት አወረደ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ይኸኛው ግን ቢፈስስ የማይለቀም ነው።

አንድ ወጣት ሌላ ሐሳብ አመጣ። «ሞተሩን ከነሣጥኑ ከተማ ብየዳ ቤት እንውሰደው። በብረት መቁረጫ ማሽን ይቁረጡት» አለ። ሐኪሙ ይህንንም አልተቀበለም። ከተማው ሩቅ ነው። ደግሞም የብረት መቁረጫ ማሽን የእሳት ፍንጣሪ ይረጫል። ከሣጥኑ ፊት ለፊት የቤንዚን ታንከር አለ። ፍንጣሪና ቤንዚን ከተገናኙ ሞተሩም ሰውም ይቃጠላል።

በጀርባው በኩል

መጀመሪያ ጊዜ የሚያስገኝልንን ሥራ ሠራን። ሞተሩን እየገፋን ወደ ዋርካው ጥላ አስገባን። ሁለት ጆንያ ውኃ ውስጥ ነክረን በሣጥኑ ላይ ደረብን። እርጥብ ጆንያ ነፋስ ሲያገኘው ይቀዘቅዛል። የውኃ ቅል በእርጥብ ጨርቅ እንደምናቀዘቅዘው ማለት ነው።

ከዚያ አንዲት እናት ወደ ሣጥኑ ቀረቡ። ዞረው ከኋላ አዩት።

«የእኔን የልብስ ሣጥን ቁልፍ ልጆች ጥለውብኝ ነበር» አሉ። «እኔ ከፊት ለፊቱ አልታገልኩም። በጀርባው ነው የከፈትኩት። ይኸው ይኼም ማጠፊያ አለው።»

ሁላችንም የምናየው ቁልፉ የሚገባበትን ቀዳዳ ብቻ ነበር። ክዳን ግን በሁለት በኩል ይያዛል። ከፊት ጓጉንቸሩ ይይዘዋል። ከኋላ ማጠፊያው ይይዘዋል። ማጠፊያው በመሐሉ ቀጭን ዘንግ አለው። ዘንጉ ከወጣ ማጠፊያው ለሁለት ይለያል።

የዚህ ሣጥን ማጠፊያ ሁለት ነው። ዘንጎቹ ጫፋቸው የታጠፈ ወፍራም ሽቦ ናቸው። ሐኪሙ ከሞተሩ መሣሪያዎች መካከል ፒንሳ አወጣ። የታጠፈውን ጫፍ ቀና አደረገው። አንድ አናጢ ደግሞ ቀጭን ምስማር በዘንጉ ጫፍ ላይ አቁሞ በመዶሻ ቀስ እያለ መታው። ዘንጉ ወጣ። ሁለተኛውም ወጣ። ክዳኑን ከኋላው ብድግ አድርገን ሳብነው። ተከፈተ። ጓጉንቸሩ አልተነካም። ሣጥኑ አልተጎዳም።

ሐኪሙ እጁን ወዲያው አልሰደደም። «መጀመሪያ ጻፉልኝ» አለ። የቀበሌው ጸሐፊ ወረቀት አወጣ። ሣጥኑ ለምን እንደተከፈተ፣ በስንት ሰዓት እንደተከፈተና ስንት ጠርሙስ እንደተገኘ ተጻፈ። አራት ሰዎች ምስክር ሆኑ። ሦስቱ ፈረሙ፤ አንዱ በጣቱ አተመ። የሌላ ሰው ወይም የመሥሪያ ቤት ሣጥን እንዲህ ሲከፈት ወረቀቱ ለሁሉም ይበጃል። ነገ «ይህ ጎደለ፣ ያ ጠፋ» ቢባል መልስ አለ።

ከዚያ አይስ ቦክሱ ተከፈተ። በረዶው ገና አልቀለጠም። የሙቀት መለኪያው 6 ይላል። ከከብቶቹ መጀመሪያ የተከተቡት የባለ መጥረቢያው ሁለት በሬዎች ናቸው።

ቁጥሩን ያነበበው ማን ነው?

ሥራው ካለቀ በኋላ ሐኪሙ ሣጥኑን መልሶ ገጠመው። ከዚህ በፊት ያነጋገሩት አዛውንት ጎንበስ ብለው ጓጉንቸሩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ልጄ፣ እዚህ ላይ ቁጥር አለ» አሉ። ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡ። ሦስት አኃዞች ናቸው። ሐኪሙ ያንን ሣጥን ዓመት ሙሉ ሲከፍትና ሲዘጋ ቁጥሩን አይቶት አያውቅም።

በብዙ ጓጉንቸሮች ፊት ላይ ወይም በቁልፉ ራስ ላይ ቁጥር ይቀረጻል። ይህ የቁልፉ መለያ ነው። ሐኪሙ ቁጥሩን በደብተሩ ጻፈ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከተማ ሄዶ ለቁልፍ ቀራጭ አሳየው። ቀራጩ በሽቦ ከተሰካኩት ቁልፎች መካከል ያንኑ ቁጥር የያዘ ቁልፍ አገኘ። ሣጥኑ ያለ ምንም ችግር ተከፈተ።

ቀራጩ አንድ ነገር አስጠነቀቀው። ርካሽ ጓጉንቸሮች ብዙ ዓይነት ቁልፍ የላቸውም። ያው ቁጥር በሌላም ሰው ሣጥን ላይ ይገኛል። የወደቀው ቁልፍም በማን እጅ እንዳለ አይታወቅም። ስለዚህ ሐኪሙ ጊዜ ሳያጠፋ ጓጉንቸሩን አስለወጠ። የማጠፊያው ዘንጎችም እንዳይወጡ ጫፋቸው ተበየደ። ለብየዳው ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ከሞተሩ ወርዶ ነበር። ለእኛ የተከፈተው ጀርባ ለሌባም ይከፈት ነበርና።

ጓጉንቸር እንዴት ይሠራል?

በአማርኛ ቁልፍ ስንል በእጃችን የምንይዘውንም በሣጥኑ ላይ የተተከለውንም ነው። ግራ እንዳንጋባ በሣጥኑ ላይ ያለውን ጓጉንቸር እንበለው።

ጓጉንቸር የቆየ ነገር ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የግብፅ ሰዎች ከእንጨት የተሠራ ጓጉንቸር ነበራቸው። ሊነስ ዬል የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1861 ትንሽና ጠፍጣፋ ቁልፍ ያለውን ጓጉንቸር በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ቁልፍ የዚያ ዘር ነው።

የሞተር ሣጥን ጓጉንቸር እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ጓጉንቸር ነው። በመሐሉ የሚዞር ክብ ብረት አለ። በክቡ ብረት ውስጥ ስስ የብረት ቅጠሎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱን ቅጠል ትንሽ ሞላ ይገፋዋል። ቁልፍ ሳይኖር ቅጠሎቹ ወደ ውጭ ወጣ ብለው ክቡን ብረት ይይዙታል። አይዞርም። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ የቁልፉ ጥርሶች እያንዳንዱን ቅጠል በልኩ ይይዙታል። ሁሉም ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ያን ጊዜ ክቡ ብረት ይዞራል። አንዱ ቅጠል እንኳ ከልኩ ከወጣ አይዞርም።

ይህን ካወቅን ሦስት ነገር እንረዳለን።

አንደኛ፣ ቢላዋ ወይም ምስማር ከትቶ በጉልበት ማዞር ጥቅም የለውም። ስሶቹ ቅጠሎች ይጣመማሉ። ከዚያ በኋላ እውነተኛው ቁልፍ ቢገኝ እንኳ አይከፍትም።

ሁለተኛ፣ ቁልፉ በእጃችን እያለ ጓጉንቸሩ እንቢ ሊል ይችላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ጭቃና አቧራ ነው። የሞተር ዘይትና ግራሶ አንጨምርበት። ዘይት አቧራ ይሰበስባል። ከዚያ ይልቅ የእርሳስ ጥቁሩን ጫፍ ፍቀን ዱቄቱን በቁልፉ ጥርስ ላይ እንቀባ። ቁልፉን ደጋግመን እናስገባ፤ እናውጣ። የምንጽፍበት እርሳስ ለጓጉንቸርም ማለስለሻ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ቁልፉ ጓጉንቸሩ ውስጥ ከተሰበረ በሌላ ነገር ወደ ውስጥ አንግፋው። ጫፉ የሚታይ ከሆነ በቀጭን መቆንጠጫ ቀጥ አድርገን እንሳበው። ሁለቱንም ስባሪ አንጣል። ቁልፍ ቀራጭ ሁለቱን ገጥሞ አዲስ ሊቀርጽ ይችላል።

ቁልፉ ሲጠፋ በቅደም ተከተል

1. እንረጋጋ። ኪስን፣ ቦርሳን፣ የተቀመጥንበትን ቦታ እንይ። በመጣንበት መንገድ እንመለስ።

2. ትርፍ ቁልፍ ያለው ሰው ጋ ስልክ እንደውል።

3. በሣጥኑ ውስጥ የሚበላሽ ነገር ካለ ጥላ ውስጥ እናስገባው።

4. ሣጥኑን ዞረን እንይ። ማጠፊያው እንዴት ነው? ከሞተሩ ጋር ያሠሩት ቡሎኖች ከውጭ ይፈታሉ? ከተፈቱ ሣጥኑን ብቻውን አውርዶ ወደ ቁልፍ ቀራጭ መውሰድ ይቻላል።

5. የራሳችን ያልሆነውን ባለቤቱ ወይም ኃላፊው ሳይፈቅድ አንክፈት። ሲፈቀድም በምስክር ፊት ይሁን፤ ይጻፍ።

6. ቁልፍ ቀራጭ ጋ ስንሄድ ሊብሬውን ወይም የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ እንያዝ። ጥሩ ቀራጭ «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መጠየቁ እኛንም ከሌባ ይጠብቀናል።

7. መቁረጥና መበየድ ግድ ከሆነ ሣጥኑ ከሞተሩ ይውረድ። ከቤንዚን ይራቅ።

ከመጥፋቱ በፊት

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ዛሬ የምናደርገው ነገር አለ።

ትርፍ ቁልፍን ከዋናው ጋር አንሠር። አንዱ ከእኛ ጋር ይሁን። ሌላው ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ይቀመጥ። በሣጥኑ ውስጥ ግን አናስቀምጠው! እንዲህ ያደረጉ ሰዎች አሉ።

አንድ ቁልፍ ብቻ ካለን ሳይጠፋ እናስቀርጽ። ያለውን አይቶ መቅረጽ ቀላል ነው። የሌለውን መቅረጽ ግን ብዙ ድካምና ገንዘብ ይጠይቃል።

በቁልፉ ወይም በጓጉንቸሩ ላይ ያለውን ቁጥር በደብተር እንጻፍ። ደብተሩ ቤት ይቀመጥ። ቁጥሩን ለማንም አናሳይ፤ ቁጥሩን ያወቀ ቁልፉን ሊያስወጣ ይችላል።

በቁልፉ ላይ የሞተሩን የታርጋ ቁጥር አናንጠልጥል። ቁልፉን ያገኘ ሌባ የየትኛው ሞተር እንደሆነ ያውቅበታል።

የተቀደደ ኪስ ዛሬውኑ ይሰፋ። ያን ቀን ከብቶቻችንን ለአደጋ ያጋለጠው አንድ ጣት የምታህል ቀዳዳ ናት።

ያ ሐኪም ዛሬም ወደ እኛ ይመጣል። የሣጥኑን ቁልፍ በአንገቱ ላይ በክር አንጠልጥሎታል። ትርፉ ከመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ባለ መጥረቢያው ገበሬ ሐኪሙን ባየ ቁጥር «ቁልፉስ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁም ክሩን ከሸሚዙ ውስጥ መዞ ያሳየዋል። ከዚያ በኋላ ነው ሰላምታ የሚለዋወጡት።

እንወያይበት

1. የሐኪሙ ትርፍ ቁልፍ ለምን አልጠቀመም?

2. ሣጥኑ በመጥረቢያ ቢመታ ኖሮ ምን ይደርስ ነበር?

3. በጓጉንቸር ውስጥ ዘይት መጨመር ጉዳቱ ምንድን ነው?

4. በቤታችሁ ያሉትን ቁልፎች ቁጠሩ። ስንቶቹ ትርፍ አላቸው? ትርፎቹ የት ተቀምጠዋል?

5. በአንዱ ቁልፍ ወይም ጓጉንቸር ላይ ቁጥር ካለ አንብቡት፤ በደብተራችሁ ጻፉት።